አብሮ መሳቅ የት ሄደ? ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ የተረሱ የቤተሰብ ኮሜዲዎች

ባለትዳር የሆናችሁ ውድ አንባቢያን፣ ጽሑፋችንን በአንድ ጥያቄ እንጀምር። ሁለታችሁ በአንድ ነገር፣ በአንድ ጊዜ፣ ከልባችሁ የሳቃችሁት መቼ ነው? አንዳችሁ በስልክ ያያችሁትን ለብቻችሁ ስትስቁ ሌላው ቀና ብሎ ሳያይ ያለፈውን አንቆጥርም። ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ፣ እንባችሁ እስኪመጣ ስቃችሁ፣ ከዚያም ተያይታችሁ እንደገና የሳቃችሁትን ማለታችን ነው።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ለብዙዎች ይከብዳል። በቤት ውስጥ ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ይጠራል፤ ገንዘብ ሲጎድል ዘመድ ይማከራል፤ ልጅ ሲታመም ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። ሳቅ ከቤት ሲወጣ ግን ማንም አይጠራም። ባልና ሚስቱ አይጣሉም፤ የቤት ኪራይ በጊዜው ይከፈላል፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ እሑድ እሑድ ሁሉም አብረው ወደ አምልኮ ይወጣሉ። ማታ ሲሆን ግን እያንዳንዱ የየራሱን ስክሪን ይዞ ጥጉን ይይዛል። ቤቱ ሰላም ነው፤ ነገር ግን ዝም ብሏል።

በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ችግር መድኃኒት አገኘን አንልም። አንድ የተረሳ ነገር ግን ልናስተዋውቃችሁ እንወዳለን። ይኸውም የአሜሪካ ሲኒማ ገና በእግሩ መቆም በጀመረበት ዘመን፣ በተለይ ከ1910 እስከ 1929 ባሉት ዓመታት (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩት ድምፅ አልባ የቤተሰብ ኮሜዲዎች ናቸው። ቻርሊ ቻፕሊንን የማያውቅ የለም። ሎረልና ሃርዲንም ብዙዎቻችን አይተናል። ከእነርሱ ጎን ግን ስለ ባልና ሚስት፣ ስለ አማት፣ ስለ አዲስ ቤትና ስለ አዲስ መኪና፣ በየቤታችን በየቀኑ ስለሚሆነው ነገር ሁሉ እያዋዙ ያሳዩ ብዙ ፊልሞች ነበሩ። አብዛኞቹ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ የሚወስዱ ናቸው። ዛሬ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ሰው ነው።

ታዲያ እነዚህ አሮጌ ፊልሞች ለእኛ ምን ይጠቅሙናል? እስቲ ጥቂቶቹን አብረን እንያቸውና ከዚያ እንፍረድ።

ቁማርተኛው ባልና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድኑ

ሆሊውድ የፊልም መዲና ከመሆኑ አስቀድሞ ብዙው የአሜሪካ ፊልም የሚሠራው በኒው ዮርክ አካባቢ ነበር። ብሩክሊን ውስጥ ቫይታግራፍ የሚባል ኩባንያ ነበር። የዚህ ኩባንያ ትልቁ ኮከብ ጆን በኒ የተባለ ክብ ፊት ያለው ወፍራም ሰው ነበር። ሚስቱ ሆና የምትተውነው ፍሎራ ፊንች ደግሞ እንደ መቃ የቀጠነች ሴት ነበረች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ገና ምንም ሳይሠሩ ተመልካቹ መሳቅ ይጀምር ነበር።

በ1912 የሠሩት “ኤ ኪዩር ፎር ፖከራይተስ” (የፖከር በሽታ ፈውስ) የተሰኘው ፊልም ታሪኩ እንዲህ ነው። ሚስተር ብራውን በፖከር ቁማር ገንዘቡን ተበልቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ሚስቱ ሁለተኛ እንዳይጫወት ታስምለዋለች፤ እርሱም ይምላል። ከሳምንት በኋላ ግን አንድ ጓደኛው ዘዴ ያመጣለታል። “የንጋት ልጆች” የሚባል በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ማኅበር አባል የሆነ አስመስሎ ከቤት እንዲወጣ ይመክረዋል። ባልየውም “ወደ ማኅበሩ” እየሄደ ቁማሩን ይቀጥላል። ነገር ግን ቀን የደበቀውን ነገር ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ይለፈልፈዋል።

ሚስት ትጠረጥራለች። አንድ ዘመዷን ጠርታ ባሏን እንዲከታተልላት ትልካለች፤ ጉዳዩም ይታወቃል። ይህ ዘመዷ የሚያጠናበት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን አለ። የቡድኑን አባላት ሰብስቦ የፖሊስ ልብስ ያለብሳቸውና ቁማርተኞቹ ወደተቀመጡበት ክፍል ወረራ ያካሂዳሉ! ቁማርተኞቹ በድንጋጤ ሲርበተበቱ ሚስቶቻቸው ተከታትለው ይገባሉ። “ፖሊሶቹም” ማንንም ሳያስሩ ባሎቹን ለሚስቶቻቸው ተግሣጽ ትተው ይወጣሉ። በመጨረሻም ባልና ሚስት ይታረቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ሰውየው ዋሽቷል፤ መሐላውን አፍርሷል፤ ፊልሙም ጥፋቱን አይሸፍንለትም። ሚስቱ ግን ገመናውን አደባባይ አላወጣችውም። ድንጋጤው የእውነት ነበር፤ እስር ቤቱ ግን የእውነት አልነበረም። ቅጣቱ በቤተሰብ መካከል ተጀምሮ በቤተሰብ መካከል አለቀ። “የቤትህን አመል እዚያው” የሚለው የአበው ተረት ፊልም ሆኖ የተሠራ ይመስላል። ይህ አጭር ፊልም በ2011 ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ በተመረጡ ፊልሞች የአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ሚስት የጻፈችው የባልና ሚስት ኮሜዲ

በኒና ፊንች በፊልም ብቻ ባልና ሚስት ነበሩ። በዚያው በቫይታግራፍ ግን በእውነትም የተጋቡ ጥንዶች መጡ፤ “ሚስተር ኤንድ ሚስስ ሲድኒ ድሩ” ይባሉ ነበር። ሲድኒ ድሩ ከታዋቂ የቲያትር ቤተሰብ የተገኘ፣ በኋላ በሆሊውድ ስማቸው የገነነው የባሪሞር ወንድማማቾች አጎት ነው። ባለቤቱ ሉሲል ማክቬይ ከእርሱ ጋር ከመተወንም አልፋ ብዙዎቹን ታሪኮች ትጽፍ ነበር። ስለዚህ በእነርሱ ፊልም ውስጥ ሚስት የምትሳቅባት ብቻ አልነበረችም፤ የሳቁም ምንጭ እርሷው ነበረች።

በ1915 የሠሩትን “ፎክስ ትሮት ፊነስ” እንመልከት። ሚስት በጊዜው ፋሽን የነበረውን ፎክስ ትሮት የተባለ ዳንስ ትወዳለች፤ ባል ደግሞ ሰልችቶታል። እውነቱን ተናግሮ “ደክሞኛል፤ ዛሬ ይቅርብኝ” ከማለት ይልቅ ቁርጭምጭሚቱ ወለም እንዳለው ያስመስላል። ሚስት ማስመሰሉን ትደርስበታለች። ግን አትጮህም፤ አታለቅስም። እግሩ እስኪድን ድረስ እናቷ መጥታ አብራቸው እንደምትቀመጥ እንዲያውቅ ታደርጋለች። ወለምታው ወዲያው ይድናል!

የዚህ ዓይነቱ ኮሜዲ መውደቅና መደባደብ የለበትም። ሳቁ የሚመጣው ከትንንሽ ነገሮች ነው፤ ከአንድ የዓይን እይታ፣ ከአንድ የተደበቀ ፈገግታ። ተመልካቹ “ይህ እኮ የእኛ ቤት ነው” እያለ ይስቃል። ጥንዶቹ ግን ብዙ አልቆዩም። በ1918 የሲድኒ ልጅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ በአብራሪነት ሲዋጋ ሞተ፤ አባትየውም በዓመቱ በ1919 አረፈ። ከዚያ በኋላ ስማቸው ቀስ በቀስ ተረሳ።

በሰባት ቀን የተሠራውና የፈረሰው ቤት

በ1910ዎቹ ዓመታት የፊልም ሥራው እየተጠቃለለ ፀሐይ ወደማይጠፋባት ካሊፎርኒያ ሄደ፤ ሆሊውድም ሆሊውድ ሆነ። በ1920 በስተር ኪተን የተባለ ፊቱ የማይፈታ ወጣት ኮሜዲያን “ዋን ዊክ” (አንድ ሳምንት) የተሰኘውን ፊልም አወጣ።

አዲስ ተጋቢዎች በሠርጋቸው ስጦታ ተገጣጣሚ ቤት ያገኛሉ። የቤቱ ክፍሎች በሳጥን ታሽገው፣ ቁጥር ተጽፎባቸው ይመጣሉ፤ በቁጥሩ ተራ መግጠም ብቻ ነው። ሙሽራዪቱን ሊያገባ ፈልጎ ያልተሳካለት ሰው ግን በቅናት ተነሣሥቶ ቁጥሮቹን ይቀያይራል። ሙሽራው በተቀያየረው ቁጥር ቤቱን ይገጥማል። ግድግዳው የተጣመመ፣ በሩ ያለ ቦታው የተገኘ፣ ለማየትም የሚያሳዝን ቤት ይቆማል። በቤት ምረቃው ዕለት ዐውሎ ነፋስ ይነሣና ቤቱ እንግዶቹን እንደያዘ እንደ እንዝርት ይሾራል። በማግስቱ ደግሞ ቤቱን የሠሩት በሌላ ሰው ቦታ ላይ መሆኑ ይነገራቸዋል! ቤቱን እየጎተቱ ወደ ቦታቸው ሲወስዱ የባቡር ሐዲድ ላይ ይቆምባቸዋል። ባቡር ይመጣል። ባልና ሚስት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ባቡሩ ግን በሌላኛው ሐዲድ ያልፋል። እፎይ ሲሉ ሌላ ባቡር ከወዲያ በኩል ይመጣና ቤቱን ያደቅቀዋል።

ፊልሙን ያላያችሁ አሁን ጠብ የሚነሣ ይመስላችሁ ይሆናል። “አንተ ነህ!”፣ “አንቺ ነሽ!” የሚባልበት ሰዓት ይህ ነበር። ኪተን ግን “የሚሸጥ ቤት” የሚል ምልክት ፍርስራሹ ላይ ያቆማል፤ የገጣጠሚያ መመሪያውንም ያያይዝበታል። ከዚያም ባልና ሚስት ተያይዘው ይሄዳሉ።

በፊልሙ በሙሉ ሚስቲቱ (ሲቢል ሲሊ ናት የተወነችው) ባሏን “አትችልም” ብላ አታሸማቅቀውም። አብራው ትሠራለች፤ ጊዜ ስታገኝም ግድግዳው ላይ የልብ ቅርጽ ትሥላለች። ቤት ሠርተው ያልጨረሱ፣ ወይም የጀመሩት ሥራ የከሰረባቸው ጥንዶች ይህን ፊልም ሲያዩ ሌላው ያላየውን ያያሉ ብለን እናምናለን። ቤቱ ጠፍቷል፤ ትዳሩ ግን አልጠፋም። ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ አንድም ቃል ሳይነገር የተላለፈ መልእክት ነው።

ተደብቀው የተዋቡት ባልና ሚስት

ሌላው ሊረሳ የማይገባው ሰው ቻርሊ ቼዝ ነው። የሠራው በሃል ሮች ስቱዲዮ ሲሆን የብዙ ፊልሞቹ ዳይሬክተር ሊዮ ማኬሪ ነበር። ማኬሪ በኋላ ሁለት ጊዜ በምርጥ ዳይሬክተርነት ኦስካር የተሸለመ ሰው ነው።

በ1926 የሠሩት “ማይቲ ላይክ ኤ ሙስ” የተባለው ፊልም እንዲህ ይነግረናል። ባል ገጣጣ ነው፤ ሚስት አፍንጫዋ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው። ሁለቱም በመልካቸው ይሸማቀቃሉ። ባል ለሚስቱ ሳይነግር ጥርሱን ያስተካክላል፤ ሚስትም ለባሏ ሳትነግር አፍንጫዋን ታሠራለች። ሁለቱም የሚፈልጉት የትዳር ጓደኛቸውን ማስደነቅ ነበር። ነገር ግን መንገድ ላይ ሲገናኙ አይተዋወቁም! ባል ሚስቱን ሌላ ቆንጆ ሴት መስላው ይሽኮረመማል፤ ሚስትም ባሏን ሌላ መልከ መልካም ሰው መስሏት ትግደረደራለች። አብረው ግብዣ ይሄዳሉ፤ ግብዣው በፖሊስ ይወረራል፤ ሁለቱም እየሮጡ ወደ አንድ ቤት፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እውነቱን አስቀድሞ የደረሰበት ባል ነው። ጥፋቱን አምኖ በመናገር ፈንታ ሚስቱን ለመቅጣት ይነሣል። አንድ ጊዜ ገጣጣውን ባል፣ አንድ ጊዜ መልከ መልካሙን ውሽማ ሆኖ ከራሱ ጋር ይደባደባል። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ከሁለቱ አንዳቸውም “እኔ ንጹሕ ነኝ” ሊሉ አይችሉም።

ይህ ፊልም ያስቃል፤ ሳቁ ሲበርድ ግን ያስደነግጣል። ሁለት ሰዎች ለዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረው መልካቸው ትንሽ ሲለወጥ የማይተዋወቁ ከሆነ፣ ቀድሞስ ይተያዩ ነበር ወይ? ለእንግዳ የሚያሳዩትን ፈገግታ ለምን ለቤታቸው ነፈጉት? እኛስ ለሥራ ባልደረባችን የምናወራውን ጨዋታ፣ ለጎረቤት የምንሰጠውን ትሕትና ከደጃፍ ስንገባ የት እንጥለዋለን?

አማት የሌለችበት ኮሜዲ የለም

ባለ መነጽሩ ሃሮልድ ሎይድ በ1924 “ሆት ዋተር” የተባለ የአንድ ሰዓት ያህል ፊልም ሠርቷል። ስሙ በቁሙ “ሙቅ ውሃ” ቢሆንም “ጣጣ ውስጥ መግባት” ማለት ነው። ባል ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ ግዛ ያለችውን ዕቃ በሁለት እጁ ታቅፎ ሳለ በዕጣ ተርኪ የተባለችውን ትልቅ ወፍ ከነሕይወቷ ያሸንፋል። በተጨናነቀ የከተማ ባቡር ውስጥ ከዚያች ወፍ ጋር የሚያየውን ፍዳ፣ በበዓል ዋዜማ በግ ወይም ዶሮ ይዞ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቤት ሲደርስ አማቱና የሚስቱ ወንድሞች ተሰብስበው ይጠብቁታል። ሚስቱን ለማስደሰት የገዛውን አዲስ መኪና ሁሉም ተሳፍረውበት ይወጣሉ፤ መኪናው ሲመለስ ግን መኪና አይመስልም።

በእርግጥ የአማት ቀልድ በአግባቡ ካልተያዘ ይጎዳል። “በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት” እንዲሉ፣ የባልን ወይም የሚስትን እናት እያነሡ መቀለድ ብዙ ትዳር አቁስሏል። ስለዚህ ይህን ፊልም ያየ ሰው “እናትሽ ቁርጥ እንደዚህች ናት” ከማለት መቆጠብ አለበት! የሎይድን ባል ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን የሚሳቀው በአብዛኛው በራሱ ፈሪነት ነው። ለአማቱ መናገር ያለበትን በአክብሮት መናገር አቅቶት በየጓዳው ይሸሻል። ችግሩ ከአማቲቱ ይልቅ ያልተነገረው ቃል ነው።

እንዴት ጠፉ? እንዴትስ ተገኙ?

እነዚህ ፊልሞች በአንድ ወቅት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ይስቅባቸው ነበር። ታዲያ እንዴት ተረሱ? ድምፅ ያለው ፊልም በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ ድምፅ አልባዎቹ በአንድ ጊዜ ዋጋ አጡ። ፊልሙ የተሠራበት ናይትሬት የሚባለው ነገር ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ አንዴ ከተቀጣጠለም በውሃ ውስጥ እንኳ የሚነድ ነበር። በ1937 በኒው ጀርሲ የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ተቃጥሎ ብዙ ፊልሞች ወደሙ። ሃሮልድ ሎይድ ፊልሞቹን በራሱ ቤት በጥንቃቄ ቢያስቀምጥም በ1943 በማስቀመጫው እሳት ተነሥቶ ከቀደምት ሥራዎቹ ብዙዎቹን አሳጣው። እሳት ያላገኘውንም ዕድሜ በላው፤ በየመጋዘኑ ቆይቶ ተጣበቀ፣ ከዚያም ዱቄት ሆነ። አንዳንዱንም በውስጡ ላለው ብር ሲባል ባለቤቶቹ ራሳቸው አቀለጡት።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት ከ1912 እስከ 1929 ከተሠሩት ወደ 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ ይዘታቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። 70 በመቶ የሚሆኑት ፈጽሞ የሉም። ከአጫጭሮቹ ኮሜዲዎችም ስማቸው ብቻ የቀረ ብዙ ነው።

የተረፉት የተረፉበት መንገድ ግን ያስገርማል። በስተር ኪተን ይኖርበት የነበረውን ቤት ጄምስ ሜሰን የተባለ ተዋናይ ገዝቶ ሲገባ የኪተንን ፊልሞች በግቢው ውስጥ ተቆልፎባቸው አገኘ። በሰሜን ካናዳ ዶሰን ሲቲ በምትባል ከተማ ደግሞ በ1929 እንደ አፈር መሙያ ተቀብረው የነበሩ ከ500 በላይ የፊልም ጥቅሎች በ1978 ለግንባታ ሲቆፈር ወጡ፤ የጠበቃቸው የምድሩ ቅዝቃዜ ነበር። በ2010 በኒውዚላንድ በተቀመጡ ስብስቦች ውስጥ 75 የአሜሪካ ፊልሞች ተገኙ።

ከዋሽንግተን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የምትርቅ ከልፔፐር የምትባል የቨርጂኒያ ከተማ አለች። በዚያ የሚገኝ አንድ ከመሬት በታች የተሠራ ምሽግ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የኑክሌር ጦርነት ቢነሣ በሚል ስጋት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ተከማችቶበት ነበር። በ2007 ያው ምሽግ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የፊልም ማከማቻ ሆነ። ገንዘብ ይጠበቅበት የነበረው ስፍራ ዛሬ የቀደሙ ሰዎች ሳቅና እንባ ይጠበቅበታል። ከ2012 ጀምሮ በዚሁ ስፍራ አዋቂዎችና ወዳጆች ተሰብስበው ስማቸው የማይታወቅ ፊልሞችን ተመልክተዋል። አንዱ የመኪናውን ዓይነት፣ አንዱ የመንገዱን ስም፣ ሌላው የተዋናዩን ፊት እያወቀ ከመቀመጫው ይጮሃል፤ በዚህም መንገድ ብዙ ፊልሞች ስማቸውን መልሰው አግኝተዋል።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ፊልሞቹን በአብዛኛው ያጠፋቸው “ነገ እናየዋለን” ተብሎ መጋዘን ውስጥ መተው ነው። የትዳር ደስታም ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በትልቅ ጠብ ከመሆን ይልቅ እንዲሁ ተቀምጦ ነው። ደግሞም የጠፋ የመሰለው ሁሉ አልጠፋም። የሚፈልገው ካገኘ ከአፈር ሥር እንኳ ይወጣል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ማሳየት በተጀመረበት ዘመን ሕዝቡ ሲኒማ ቤቱን “ሰይጣን ቤት” ብሎ እንደጠራው ይታወቃል። በአሜሪካም በዚያው ዘመን ብዙ ሰባክያን ሲኒማን ያወግዙ ነበር። ሌሎች ደግሞ ለመልካም ሊውል ይችላል ብለው ተከራክረዋል፤ ለምሳሌ ኸርበርት ጀምፕ የተባለ የኮነቲከት መጋቢ በ1910 ይህንኑ የሚሟገት ጽሑፍ አሳትሟል። በ1922 የፊልም ኩባንያዎቹ ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው በላዩ የሾሙት ዊል ሄይስ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር።

እኛም “አሮጌ ነውና ሁሉም ንጹሕ ነው” አንልም። “ዋን ዊክ” ውስጥ ሙሽራዪቱ ገላዋን ስትታጠብ የሚያሳይ አጭር ትዕይንት አለ፤ ካሜራው ራሱ በእጅ ይሸፈናል፤ ቢሆንም ወላጆች አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል። “ሆት ዋተር” ውስጥ ባል ድፍረት ለማግኘት መጠጥ ይጠጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በዘመኑ ብዙ ፊልሞች ጥቁር ሕዝቦችን የሚያዋርድ ቀልድ መኖሩ ነው። የኪተን “ሰቨን ቻንስስ” (1925) ውስጥ ፊቱን ጥቁር የተቀባ ነጭ ተዋናይ አለ። በአንጻሩ ሃል ሮች በ1922 የጀመረው “አወር ጋንግ” የተባለው የልጆች ኮሜዲ ጥቁርና ነጭ ልጆች እንደ እኩያ አብረው ሲጫወቱ ማሳየቱ ለዘመኑ ብርቅ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ከዚህ ጉድለት አላመለጠም። ስለዚህ ወላጆች አስቀድመው ይዩ፤ ሲያጋጥምም ዝም ብለው አይለፉት፤ ለልጆቻቸው ያስረዱ።

አንድ ሌላ እውነትም አለ። ሰውን ያሳቁት ሰዎች ቤታቸው ሁልጊዜ ሳቅ አልነበረበትም። በፊልሙ ከሚስቱ ጋር ተያይዞ ከፍርስራሽ የወጣው በስተር ኪተን በእውነተኛ ሕይወቱ በ1921 አግብቶ በ1932 ተፋታ፤ መጠጥ ጎዳው፤ የሁለቱ ልጆቹ የቤተሰብ ስም እንኳ ወደ እናታቸው ስም ተቀየረ። ቻርሊ ቼዝም በመጠጥ ተጎድቶ በ1940 ገና በ46 ዓመቱ ሞተ። ሳቅ ለቤት ብርሃን ይሰጣል፤ መሠረት ግን አይሆንም። የኪተን ታሪክ ግን በዚያ አላበቃም። በ1940 ኤሊነር ኖሪስን አግብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1966 ድረስ አብረው ኖረዋል።

እንዴት እንያቸው?

በአሜሪካ ሕግ መሠረት ከወጡ 95 ዓመት ያለፋቸው ፊልሞች የማንም የግል ንብረት አይደሉም። ስለዚህ ከላይ የጠቀስናቸውን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል። ሙዚቃው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተጨመረ ስለሆነ ካልወደዳችሁት ድምፁን መቀነስ ነው።

ለእኛ ቤተሰቦች ደግሞ እነዚህ ፊልሞች አንድ ልዩ ጥቅም አላቸው፤ ቋንቋ አይጠይቁም። በመካከል ብቅ የሚሉትን አጫጭር ጽሑፎች አንዱ የቤተሰብ አባል ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ ቢመልሳቸው በቂ ነው። በውጭ አገር የምትኖሩ ወገኖች ይህ በይበልጥ ይገባችኋል። ከአገር ቤት የመጡ አያት እንግሊዝኛ አይችሉም፤ እዚያ የተወለደው የልጅ ልጅ ደግሞ አማርኛው ይቸግረዋል። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚያወሩት ያጣሉ። የኪተን ቤት እንደ እንዝርት ሲሾር ግን ሁለቱም በአንድ ቋንቋ ይስቃሉ። ልጁ “እማማ፣ አዩት?” ይላል፤ እርሳቸውም “አየሁት የኔ ልጅ” ይላሉ። ያ ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ምረጡ። ስልኮቹን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ቡና አፍሉ፤ ፈንድሻም ይኑር። ከሁሉ አስቀድማችሁ “ዋን ዊክ”ን እዩ። ሲያልቅ ቶሎ አትነሡ፤ ትንሽ ቆዩና ከታች ባሉት ጥያቄዎች ተጨዋወቱ።

ባለትዳሮች አብራችሁ የምትወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. እንደ ተጣመመው ቤት በእጃችን የተበላሸብን ነገር ምን ነበር? ያን ጊዜ ተወቃቀስን ወይስ ተያያዝን? ዛሬ መለስ ብለን ልንስቅበት እንችላለን?

2. እንደ ፎክስ ትሮቱ ባል “ደክሞኛል” ማለት እያቃተኝ ሰበብ የምፈጥርበት ነገር አለ? ዛሬ ልነግርህ ወይም ልነግርሽ የምችለው የትኛውን ነው?

3. በቤታችን የሚቀለደው በማን ነው? ቀልዱ ሲያልቅ ሁላችንም ስቀናል ወይስ አንዳችን ዝም ብለናል?

4. ለእንግዳ የምናሳየውን ፈገግታ አንዳችን ለሌላችን ካሳየን ስንት ጊዜ ሆነን?

5. ቀድሞ ያስቀን የነበረ፣ አሁን ግን የረሳነው ጨዋታ ምንድን ነው? የት አስቀመጥነው?